አቶ ጫኔ አምሀ በጅግጅጋ አስፓራገስ እንደ ተከሉና እንደ በሉ

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ ሦስት ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ማቴዎስ፣ በካራማራ ላይ መድፉ ዝም ባለ በሦስተኛው ዓመት፣ የቀበሌው የውሃ ቦኖ በደረቀ በሁለተኛው፣ የመሥሪያ ቤቱ የጽሕፈት መኪና «ጫ» የምትባለውን ፊደል አልመታም ባለች በስምንተኛው ወር፣ አቶ ጫኔ አምሀ በጅግጅጋ ከተማ የመዝገብ ቤት ሹም ነበሩ፤ የገቢና የወጪ ደብዳቤ ሁሉ ባለ አደራ፣ ቁጥር ሰጪ፣ ማኅተም ጠባቂ፣ የገዛ ስማቸውን መጀመሪያ ፊደል በእስክሪብቶ ሞልተው የሚፈርሙ፣ በዚያ አገር ነፋስ ፊት ወረቀት በክርናቸው ተጭነው የሚጽፉ። ወበይእቲ ዓመት፣ በዚያችው ዓመት በሚያዝያ ወር፣ አስፓራገስ ወደ እርሳቸው መጣ።

አመጣጡም እንዲህ ነው። የከባድ መኪና ጥገና ሊያስተምር ከምሥራቅ ጀርመን የመጣ፣ በአገሩ ቮልፍጋንግ የሚባል አንድ መካኒክ ነበረ፤ አቶ ጫኔ ግን የመጀመሪያውን ደብዳቤውን በመዝገብ ሲያሰፍሩ «ወልደ ጋንግ» ብለው ስለ ጻፉት ከተማው ሁሉ ወልደ ጋንግ ይለው ነበር፣ እርሱም አቤት ይል ነበር። ይህ ሰው የጅግጅጋን ሩዝና የፍየል ሥጋ ወዶ ዓመቱን ሙሉ በደስታ ይበላል፤ ሚያዝያ ሲገባ ግን ፊቱ ይጠቁራል፣ መፍቻው ከእጁ ይወድቃል። በአገሩ በዚያ ወር ሕዝቡ ሁሉ ከመሬት ውስጥ የሚወጣ ነጭ ቀንበጥ እንደሚበላ፣ ስሙም አስፓራገስ እንደሆነ፣ ያንን ያልበላ ጀርመን በጋውን እንደማያልፈው ለአቶ ጫኔ ግማሹን በአማርኛ ግማሹን በእጁ ነገራቸው። ከዕረፍቱም ሲመለስ ዐሥራ ሁለት ሥር በእርጥብ ጋዜጣ ጠቅልሎ፣ በመለዋወጫ ሣጥን ውስጥ ከፍሬን ሸራ ጋር አድርጎ አመጣ። ነገር ግን የሚያድርበት ቤት ግቢው ሲሚንቶ ነበረ፤ የአቶ ጫኔ ግቢ ግን አፈር ነበረ። ስለዚህ ሥሮቹን ለእርሳቸው ሰጠ፣ አተካከሉን በወረቀት ላይ ሥሎ ከሥሩ በጀርመንኛ ጽፎ ሰጠ፣ ሦስት ጣቱን ወደ ላይ አንሥቶ ሦስት ጊዜ ነቀነቀ፤ በሳምንቱም የሥራ ዘመኑ አልቆ ወደ አገሩ ሄደ።

ወእምዝ፣ ከዚህም በኋላ፣ አቶ ጫኔ በሚያዝያ ሃያ አምስት ቀን እሑድ ጠዋት ለተከላ ዘመቻ ተነሡ። ካኪ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ሰበሰቡ፣ ከጎረቤት የተዋሱትን ዶማ በቀኝ፣ እጀታው በሽቦ የታሰረውን አካፋ በግራ ያዙ። ከኋላቸውም ውሃ ሻጩ ካሂን ከአህያውና ከአራት ጀሪካን ጋር፣ ከካሂን ኋላ አፈር ሲገለበጥ ትል የሚፈልጉ ሦስት ዶሮዎች፣ ከዶሮዎቹም ኋላ ራቅ ብለው፣ እጃቸውን አጣምረው፣ የቤቱ እመቤት ወይዘሮ አገሬ ተሰለፉ። ሥዕሉ ላይ የወልደ ጋንግ ሰው እስከ ጉልበቱ ጉድጓድ ውስጥ ቆሞ ይታይ ስለ ነበር፣ አቶ ጫኔ ደግሞ ከወልደ ጋንግ ሰው ማነስ ስላልፈለጉ፣ እስከ ወገባቸው ቆፈሩ፤ ርዝመቱም ከአጥር እስከ አጥር ሆነ።

በዚህ ጊዜ ታላቅ ድንጋጤ በቀበሌው ወደቀ። ሕዝቡ ጦርነት ካየ ገና ሦስት ዓመቱ ነበርና፣ የመንግሥት ሠራተኛ፣ ያውም ደብዳቤ ሁሉ በእጁ የሚያልፍ የመዝገብ ቤት ሹም፣ በእሑድ ቀን በግቢው ምሽግ ሲቆፍር አይቶ ምክንያት አልጠየቀም። ከረፋድ እስከ ቀትር ባለው ጊዜ ስኳርና ላምባ ከሱቅ ጠፋ። በአጥር ማዶ የሚኖሩት ወተት ሻጯ ወይዘሮ ደሃቦ ፍራሻቸውን ጠቀለሉ። ሦስት አባወራዎች ዕቃቸውን በአህያ ጭነው ወደ ሐረር መንገድ ወጡ፤ ሌሎች ሁለት ደግሞ ጓሯቸው ገብተው ከአቶ ጫኔ የበለጠ ጥልቅ ጉድጓድ ጀመሩ። አቶ ጫኔ ግን አንገታቸውን ስላላነሡ ከዚህ ሁሉ አንዱንም አላወቁም፤ ጀርባቸው እየተሰበረ በሕይወታቸው እንደዚያ ቀን ደስ ብሏቸው አያውቅም ነበር።

የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ ኸሊፍ፣ ረጋ ያሉ፣ ቃላቸው የተመዘነ ሰው፣ በሁለት የአብዮት ጥበቃ ታጅበው መጡ። ከጉድጓዱ አፋፍ ቆመው ቁልቁል አዩ፤ ጠመንጃ አላዩም፤ እንደ ደረቀ ሸረሪት እግሩን የዘረጋ ዐሥራ ሁለት ሥር አዩ። የወልደ ጋንግንም ሥዕል ወስደው ገልብጠው አቃንተው መረመሩ። ከዚያም ወደ አደባባይ ወጥተው በድምፅ ማጉያ ይህን ዐወጁ፦

«የቀበሌያችን ነዋሪዎች፣ ጦርነት የለም። በአቶ ጫኔ ግቢ የተቆፈረው የአትክልት ጉድጓድ ነው። ዕቃችሁን ከአህያ ላይ አውርዱ። ስኳር የገዛችሁ ስኳራችሁን ብሉ። አቶ ጫኔም ከጉልበት በታች ይቆፍሩ።»

እንዲህም ሆኖ ጉድጓዱ እስከ ጉልበት ተሞላ፣ ሥሮቹ ተዘረጉ፣ ፍግና አፈር ለበሱ፣ የካሂን አራት ጀሪካን ውሃ ወረደላቸው።

አቶ ጫኔ ሦስቱን ጣት ሦስት ቀን ብለው ተረጎሙት፤ በሦስተኛው ቀን ቢላዋ ይዘው ወጡ፣ ምንም አልተገኘም። ሦስት ሳምንት ነው አሉ፤ በሦስተኛው ሳምንት እንደ ስፌት ክር የቀጠነ ነገር ወጣ። ሦስት ወር ነው አሉ፤ በሦስተኛው ወር ግቢው ውስጥ እንስላል የሚመስል፣ በነፋሱ የሚርገበገብ፣ የማይበላ ጫካ በቀለ። በመጨረሻ ወልደ ጋንግ የጻፈውን ወረቀት ለመሥሪያ ቤቱ ሹፌር ለማሃሙድ አሳዩት። እርሱ በወልደ ጋንግ አገር ስድስት ወር የመኪና ትምህርት ተምሯልና አነበበው፤ ስላላመነም ደግሞ አነበበው፤ ሦስቱ ዓመት መሆኑንም በሐዘን ድምፅ ነገራቸው።

ይህ ቃል ለወይዘሮ አገሬ በተነገረ ጊዜ የልብስ ስፌት መኪናቸው ቆመ። እኒህ እመቤት የደብረ ማርቆስ ሰው ናቸው፤ በሠላሳ ዓመት ትዳር ቤታቸውን አራት ጊዜ ጠቅልለው አራት ጊዜ የዘረጉ፣ ከእያንዳንዱ ዝውውር አንድ ድስት የጎደለባቸው፣ አብረው ያደጉ እህታቸውን ለተሥላሴን በደብዳቤ ብቻ የሚያውቁ ሆነው ቀርተዋል። ባልየው በየመስከረሙ ወደ ደብረ ማርቆስ እንዲዛወሩ ማመልከቻ ይጽፋሉ፤ ራሳቸው ይጽፋሉ፣ ራሳቸው ቁጥር ይሰጣሉ፣ ራሳቸው ይልካሉ፤ መልስ መጥቶ አያውቅም። ስለዚህ አቶ ጫኔ ሚስታቸውን ሲያጽናኑ፣ ሦስት ዓመት ብዙ እንዳልሆነ፣ ዝውውሩም መቼም እንደማይመጣ ነገሯቸው። ወይዘሮ አገሬ በዚህ አልተጽናኑም።

በዘመነ ማርቆስ የፍየሏ ጦርነት ሆነ። ይህች ፍየል የወይዘሮ ደሃቦ ነበረች፤ አጥር ናቂ፣ ቆርቆሮ ዘላይ፣ የሦስት ጎረቤት ልብስ የበላች። በኅዳር ወር የተሰቀለውን ልብስ ትታ አረንጓዴውን ጫካ ከጫፍ እስከ ጫፍ አጨደችው። አቶ ጫኔ ከሥራ ሲመለሱ ግቢው እንደ ተላጨ ራስ ሆኖ ጠበቃቸው፤ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆሙ። ወይዘሮ ደሃቦ ፍየሏን በገመድ እየጎተቱ መጥተው ይቅርታ ለመኑ፣ አንድ ብርጭቆ የግመል ወተትም አቀረቡ። ከዚያ ቀን በኋላ አጥሩ በሾህ ታጠረ፤ ሾሁንም ያመጡትና አደራረቡን ያሳዩት እኒሁ ወይዘሮ ደሃቦ ነበሩ፤ የከብት በረት እንጂ የአትክልት አጥር አጥረው ስለማያውቁ መግቢያውን ስለረሱት አቶ ጫኔ አንድ ሳምንት በመሰላል ገቡ። ዐሥራ አንዱ ሥር ተመልሶ አቆጠቆጠ፤ አንዱ ሞተ፣ እርሱም በቁጥሩ በመዝገብ ሰፈረ።

በዘመነ ሉቃስ ዝናብ አልነበረም። ካሂን በሳምንት ከሚያመጣው ውሃ ሁለቱ ጀሪካን ለአስፓራገሱ፣ ሁለቱ ለሰው ሆነ። ወይዘሮ አገሬ ዓመት በዓል በመጣ ቁጥር ነጠላቸውን ሳያጥቡ ዋሉ። አንድ ቀንም ከአትክልቱ ራስጌ ቆመው እርሱን ራሱን አነጋገሩት፤ ባላቸው ካገቧቸው ጀምሮ ለእርሳቸው እንዲህ ውሃ ቀድተው እንደማያውቁ ገለጡለት። አቶ ጫኔ ይህን ከመስኮት ሰምተው አፍረው፣ ለሦስት ቀን የራሳቸውን መታጠቢያ ውሃ ለሚስታቸው ተዉ።

ወእምድኅረዝ፣ ከዚህም ወዲያ፣ ዘመነ ዮሐንስ ገባ፣ ሰባ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ የመብሉ ዓመት። በየካቲት ሃያ አንድ ቀን አቶ ጫኔ የዕለቱን ደብዳቤ ሲከፍቱ የራሳቸውን ስም አገኙ። ወደ ደብረ ማርቆስ ተዛውረዋል። እስከ ግንቦት አምስት ቀርበው ሥራ ካልጀመሩ ዕድሉ ለሌላ አመልካች ይሰጣል ይላል።

እዚህ ላይ የጀግናችንን ልብ መግለጥ ያስፈልጋል። አቶ ጫኔ በአሶሳ ሳሉ ፓፓያ ተክለው ነበር፤ ሊያፈራ ሲል ወደ መቱ ተዛወሩ። በመቱ ዘይቱን ተከሉ፤ ሲያብብ ወደ ነገሌ ተዛወሩ። በነገሌ ሎሚ ተከሉ፤ ሎሚው ጉልበታቸው ሲደርስ ወደ ጅግጅጋ ተዛወሩ። ከሁለት ዓመት በኋላ በቦታቸው የተተካው ሰው የምስጋና ደብዳቤ ላከላቸው፤ ሎሚው እጅግ ውሃማ እንደሆነ፣ ልጆቹ በስኳር እንደሚጠጡት። አቶ ጫኔ ያን ደብዳቤ ሁለቴ አንብበው በኪሳቸው አስገቡት፤ ያን ማታ እራት አልበሉም። እንግዲህ በሠላሳ ሁለት ዓመት አገልግሎት በመዝገባቸው የተሰወረ አንድ ወረቀት እንኳ ያልነበረው ይህ ሰው፣ በየካቲት ሃያ አንድ ቀን የራሱን ዝውውር ቁጥር ሰጥቶ፣ ማኅተም መትቶ፣ «ልዩ ልዩ» በሚለው ፋይል ውስጥ፣ በሁለት የቆዩ የመጥረጊያ ግዢ ደብዳቤዎች መካከል አስገባው።

በመጋቢት፣ ሥዕሉ እንደሚያዝዘው፣ ቀንበጡ ፀሐይ ሳያይ ነጭ ሆኖ እንዲያድግ በሥሮቹ ላይ አፈር ከመሩ፤ እንደ ሰው ቁመት የረዘሙ ሁለት ጉብታዎች ሆኑ። በዚያው ሳምንት ከደብረ ማርቆስ የእህታቸው የለተሥላሴ ደብዳቤ ለወይዘሮ አገሬ ደረሰ፤ ዝውውራችሁን ከመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ሰምተን ቤት እየፈለግንላችሁ ነው፣ መቼ ነው የምትነሡት ይላል። ወይዘሮ አገሬ ይህን አንብበው ሳይጨርሱ ወይዘሮ ደሃቦ ጥቁር ሻሻቸውን አጥልቀው ገቡ። በአጥር ቀዳዳ ሁለቱን ጉብታ አይተው ለለቅሶ ነበር የመጡት። ቁጭ ብለው ካለቀሱ በኋላ «አላህ ያጽናሽ እህቴ፣ ማን ነው የሞተው?» ብለው ጠየቁ።

ወይዘሮ አገሬም ደብዳቤውን በጉልበታቸው ላይ አጥፈው «ዝውውራችን ነው» አሉ። «እዚያ ነው የተቀበረው።»

አቶ ጫኔ ያን ማታ ሁሉን ተናዘዙ፤ የፋይሉን ስም፣ የመጥረጊያውን ደብዳቤ ሳይቀር። ወይዘሮ አገሬ አልጮኹም። መሳደብም አላስፈለጋቸውም። በማግስቱ ሣጥኑን ከአልጋ ሥር ጎትተው አወጡ፤ ከዚያም ፍርዳቸውን በበሩ ላይ ቆመው ዐወጁ፦

«ሚያዝያ ሃያ ዘጠኝ በማለዳ የሐረሩ አውቶቡስ ላይ እሳፈራለሁ። አንተ ከአፈርህ ጋር መቅረት ትችላለህ። ከመጣህም ሣጥኑ ሁለት እጀታ አለው።»

ከዚህ በኋላ ቀኖቹ እየሮጡ መጡ፤ ቀንበጡ ግን አልመጣም። ሚያዝያ አምስት ሆነ፤ ድስቶቹ በጨርቅ ተጠቀለሉ። ሚያዝያ ዐሥራ ሁለት ሆነ፤ የስፌት መኪናው በገመድ ታሰረ። አቶ ጫኔ ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ ከመሄዳቸው በፊት በሆዳቸው ተኝተው ጆሯቸውን በጉብታው ላይ ያሳርፉ ነበር፤ አፈሩ ሲሰነጠቅ ድምፅ ይኖረዋል ብለው ነው። ወደ ቢሮም አንድ ጆሯቸው አፈር ሆኖ ይገባሉ። የመሥሪያ ቤቱ ሰው ይህን አይቶ ያልፋል፤ ጓድ ኸሊፍ ብቻ አንድ ቀን በመንገድ አስቁመው በመሐረባቸው ጠረጉላቸው። ካሂንም ሳይጠየቅ ሁለት ጀሪካን ጨመረ። ወይዘሮ አገሬ ዕቃ ሲጠቀልሉ በመስኮት ያዩአቸዋል፤ ያ ከሠላሳ ዓመት በፊት በአዲስ ኮት ያገቡት ሰው በሆዱ ተኝቶ መሬት ሲያዳምጥ ያዩታል፤ አይተውም መጋረጃውን ይዘጋሉ። መጋረጃው ከተጠቀለለ በኋላ ግን የሚዘጋ ነገር አልነበረም።

በሚያዝያ ሃያ ሦስት ምሽት ዝናብ ወረደ። በሃያ ስድስት ጠዋት በአንደኛው ጉብታ ራስ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነች ስንጥቅ ታየች። አቶ ጫኔ ተንበርክከው በጣታቸው አፈሩን ገለጡ፤ ነጭ፣ እንደ ጣት የወፈረ፣ ጫፉ እንደ ሕፃን ጡጫ የተጨበጠ ነገር ከውስጥ አያቸው። አልነኩትም። አፈሩን መልሰው አልብሰው ቢላዋ ሊስሉ ገቡ። በሃያ ስምንት ቀን ዐሥራ ዘጠኝ ቀንበጥ ተቆረጠ።

ጎረቤት ሁሉ ለመብሉ ተጠራ፤ ለስንብትም ነበር፣ አውቶቡሱ ለማግስቱ ነውና። የወልደ ጋንግ ወረቀት በጨው ውሃ ቀቅሎ በቅቤ ይላል። ወይዘሮ አገሬ አንዲት ድስት ከጥቅሏ ፈትተው ቀቀሉ፣ ወይዘሮ ደሃቦ ሱባግ የሚባለውን የሶማሌ ቅቤ አመጡ። በሣጥንና በጥቅል መካከል እንግዶቹ መሬት ላይ ተቀመጡ፣ አቶ ጫኔም እንደ ቁርባን በሁለት እጃቸው እያነሡ አደሉ። ጓድ ኸሊፍ በሉ፣ ዐይናቸውን ጨፍነው ቆዩ፣ ከዚያም ቃላቸውን መዝነው ተናገሩ፦ «ውሃ ውሃ ይላል። ግን ጥሩ ውሃ።» በዚያ ከተማ ከዚህ የሚበልጥ ምስጋና አልነበረም። ካሂን ውሃው የእርሱ መሆኑን ለሁሉም አስታወቀ። ወይዘሮ ደሃቦ ሦስተኛውን አኝከው ከዋጡ በኋላ፣ በልጅነታቸው በሽንሌ በኩል ከብት ሲጠብቁ፣ ዝናብ ሲጥል ከሾህ ሥር ይህን የሚመስል ነገር ነቅለው ይበሉ እንደ ነበር፣ ዝናቡ ከጣለ በሦስተኛው ቀን እንደሚደርስ፣ ማንም ተክሎት እንደማያውቅ በየዋህነት ተናገሩ። አቶ ጫኔ ይህን ሰምተው ራሳቸውን ነቀነቁ፣ አራተኛውንም ሰጧቸው።

እንዲህ ሲያድሉ ሳህኑ ባዶ ሆነ። እንግዶቹ አመስግነው፣ ወይዘሮ አገሬን ስመው፣ መንገዱን መርቀው ወጡ። አቶ ጫኔ ባዶውን ሳህን ይዘው ቆመው ቀሩ። የፓፓያው፣ የዘይቱኑ፣ የሎሚው ሰው፣ በገዛ ቤታቸው፣ በገዛ እጃቸው፣ አሁንም አልቀመሱም ነበር። እርሳቸው ይህን ያወቁት ገና ያን ጊዜ ነው።

ወይዘሮ አገሬ ግን ከመጀመሪያው ሲቆጥሩ ነበር። ከድስቱ ውስጥ ክዳኑን ገልጠው ሁለት ቀንበጥ አወጡ፤ ለራሳቸው የደረሳቸውን ሳይበሉ፣ ሌላም አንድ ከጓድ ኸሊፍ ድርሻ ሰውረው አቆይተውት ነበር። ሳህኑን ከባላቸው እጅ ወስደው አኖሩበት፣ ሣጥኑንም በእግራቸው ገፋ አድርገው መቀመጫ ሠሩ።

«ቁጭ በል» አሉ። «ቀስ ብለህ ብላ። ይህንንስ እንደ ሎሚው ሌላ ሰው አይበላውም፤ አውቶቡሱ ያለ እኛ ይሂድ።»

አቶ ጫኔ ተቀመጡ። የመጀመሪያውን እስከ መጨረሻው በዝግታ በሉ፣ ሁለተኛውን ለሁለት ቆርሰው ግማሹን ለሚስታቸው አጎረሱ። ከሦስት ዓመት ዘመቻ በኋላ የተናገሩት ቃል ይህ ብቻ ነበር፦

«ጨው አንሶታል።»

ወይዘሮ አገሬም ጨው ፍለጋ ጥቅሎቹን አንድ በአንድ ፈቱ፤ ጨው የተገኘው በመጨረሻው ጥቅል ውስጥ ስለ ነበር፣ ቤቱ ሁሉ በዚያ ምሽት ተመልሶ ተዘረጋ።

ስለዚህ ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ አቶ ጫኔ አምሀን አወድሱ፤ በምሽግ ያልወጉትን፣ በመሰላል የገቡትን፣ ከወረቀት ሁሉ አንዱን ብቻ የሰወሩትን፣ በጆሯቸው አፈር ያዳመጡትን። ከእርሳቸውም ይልቅ ወይዘሮ አገሬን አወድሱ፣ ባለ አምስት ቤቷን፣ ድስት ፈቺዋን፣ ከሊቀ መንበር ድርሻ የሰወረችውን፤ ደብረ ማርቆስን ያህል አገር በሁለት ቀንበጥ የለወጠችው፣ ለውጡ አልከሰረም ወይ ተብላ ስትጠየቅ የምትስቀው እርሷ ናትና። ክብር ለቤቷ፣ ውሃ ለጀሪካኗ፣ ረጅም ዕድሜም ለነጠላዋ ይሁን።